አባቴ ከአከርካሪያቸው በመርፌ ናሙና ሊወሰድላቸው ነው፤ ኤምአርአይ እያለ ሲቲው ለምን አስፈለገ?

የደሴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። ጀርባቸውን ማመም ከጀመራቸው ቆይቷል፤ መጀመሪያ የድካም ነው ተብሎ ማስታገሻ ብቻ ነበር የሚወስዱት። አሁን ግን ማታ ማታ ያልባቸዋል፣ ከስተዋል፣ ከመቀመጫቸው ሲነሱም ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው። ራጅ ተነሱ፣ ከዚያ ኤምአርአይ ታዘዘ። ሁለት አከርካሪዎችና በመካከላቸው ያለው ዲስክ ተጎድቷል፣ ከጎን ደግሞ ፈሳሽ ተጠራቅሟል ይላል። ሐኪሙ የአጥንት ቲቢ ይመስላል፣ ግን ሌላም ሊሆን ስለሚችል በሲቲ ስካን እየታየ በመርፌ ናሙና ይወሰድ አሉ።

ኤምአርአዩን ያስነሳነው ስንት ቦታ ተበድረን ነው። ቦታውን ካሳየ እንደገና ሲቲ ምን ያደርጋል? እሱ እንኳ ይሁን። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። የራጁ ወረቀት «ቲ12 እና ኤል1» ይላል፣ የኤምአርአዩ ደግሞ «ቲ11 እና ቲ12»። ታዲያ መርፌው የሚገባው የቱ ጋ ነው? አባቴ ይህን ከሰሙ ወዲህ «ሽባ አድርገውኝ ሊቀሩ ነው» ብለው አሻፈረኝ ብለዋል። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ጨረር ክፍል፦
እህቴ፣ ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ራዲዮሎጂስት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ናሙና ስለምወስድ በዝርዝር ልንገርሽ።

የኤምአርአዩ ብር አልባከነም። በሽታው የት እንዳለ የሚነግረን እሱ ነው። መቅኒው ሲያብጥ፣ መግል ሲቋጠር፣ ህብለ ሰረሰር ሲጫን ከእሱ አጥርቶ የሚያሳይ መሣሪያ የለም። መግሉ በየት በኩል እንደወረደ፣ ከሁለቱ አጥንቶች የትኛው ክፉኛ እንደተጎዳ የምናውቀው ከእሱ ነው። ናሙናው ከየት ቢወሰድ ውጤት ይገኛል የሚለውም የሚወሰነው እሱን አይተን ነው።

ግን አባትሽ ኤምአርአይ የተነሱት በጀርባቸው ተኝተው ነው። ናሙናው ሲወሰድ የሚተኙት በሆዳቸው ነው። ሰው ሲገለበጥ ቆዳውና ጡንቻው ይንሸራተታል፣ የጀርባው ጉብጠትም ይለወጣል፣ ስለዚህ በኤምአርአዩ ላይ ከቆዳ እስከ አጥንት የለካነው ርቀት መርፌ በምንይዝበት ሰዓት አይገጥምም። በዚያ ላይ ኤምአርአይ ትልቅ ማግኔት ነው፤ ተራ የብረት መርፌ ተይዞ አይገባበትም። ሲቲ አጥንቱንም የመርፌውን ጫፍም ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አባትሽ በሆዳቸው ይተኛሉ፣ ከሥር ትራስ ይደረግላቸዋል። ቀጫጭን የሽቦ መስመሮች ያሉበት ወረቀት ጀርባቸው ላይ ይለጠፋል፤ ሽቦዎቹ በምስሉ ላይ ነጭ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ከዚያ ያንን አካባቢ ብቻ እናነሳለን፣ ጠቅላላ አካላቸውን አይደለም። በሽታውን በደንብ ከሚያሳዩት ምስሎች አንዱን መርጠን ኮምፒውተሩ ላይ ከቆዳው እስከምንፈልገው ቦታ ድረስ መስመር እናሰምራለን። መርፌው ከመሀል ጀርባ ስንት ሴንቲሜትር ርቆ እንደሚገባ፣ ምን ያህል አዘንብሎ እንደሚሄድ፣ እስከ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚጠልቅ ከዚያ መስመር ላይ ተለክቶ ይጻፋል። ገና አንድም መርፌ አልተነካም እንግዲህ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምንሰጠው መስመሩ ምን ምን አቋርጦ እንደሚያልፍ ለማየት ነው። የአባትሽ ሕመም ባለበት ከፍታ ላይ በጎን ሳንባ አለ። ከፊት፣ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ፣ አኦርታ የሚባለው ትልቁ የደም ቧንቧ አለ። ከመሀል ህብለ ሰረሰሩ አለ። መስመሩ ከእነዚህ አንዱን ከነካ ይሰረዛል፣ ሌላ ይሰመራል። አንዳንዴ በጎድን አጥንቱና በአከርካሪው መካከል ባለች ጠባብ መንገድ እንሄዳለን። አንዳንዴ ደግሞ ፔዲክል በሚባለው፣ የአከርካሪውን የፊትና የኋላ ክፍል በሚያገናኘው አጥንት ውስጥ። ፔዲክሉ ራሱ አጥንት ስለሆነ መርፌውን ዙሪያውን ይዞ ይመራዋል፤ ግን የውስጥ ግድግዳው ከተጣሰ ወደ ህብለ ሰረሰሩ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ስፋቱ አስቀድሞ ይለካል። መግል ከጎን ካለ ደግሞ ከአጥንቱ ይልቅ መግሉን መምጠጥ የሚቀልበት ጊዜ ብዙ ነው።

መርፌውም አንዴ ተነስቶ ዘው አይልም። ማደንዘዣው እስከ አጥንቱ ሽፋን ድረስ ይሰጣል። መርፌው ትንሽ ይገባል፣ ይቆማል፣ ምስል ይነሳል፣ አቅጣጫው ይስተካከላል፣ እንደገና ትንሽ ይገባል። አባትሽ ነቅተው ስለሆነ የሚሠራው እግራቸው ላይ ንዝረት ቢሰማቸው ወዲያው ይናገራሉ፣ እኛም እናቆማለን። አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽሽም። የደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ በዚያ ከፍታ ላይ ሳንባን መብሳት ሊያጋጥም ይችላል። ሽባ የሚያደርግ ጉዳት ግን መስመሩ ተለክቶ ሲሠራ በጣም ብርቅ ነው። ይልቅ አባትሽ ይህን ይወቁ፦ ቲቢውም ሆነ ሌላው በሽታ ሳይታከም ቢቀር ነው እግር የሚያሰንፈው።

አጥንት ሐኪም፦
ከላይ የተጻፈው ላይ የምጨምረው ስለ ቁጥሩ ነው፣ ምክንያቱም እህታችን የያዘችው ነገር ትልቅ ነው።

አብዛኛው ሰው 7 የአንገት፣ 12 የደረት (ሪፖርቱ ላይ «ቲ» የሚባሉት)፣ 5 የወገብ («ኤል» የሚባሉት) አከርካሪ አለው። ሁሉም ሰው ግን አይደለም። የመጨረሻው የወገብ አጥንት ከታች ካለው ጋር ተጣብቆ የሚወለድ አለ፣ በተቃራኒው ከታች አንድ ተላቆ ስድስት የሚመስልበትም አለ። 11 ወይም 13 ጥንድ ጎድን ያለውም ይገኛል። እንግዲህ አንዱ ሐኪም ከታች ወደ ላይ ቆጥሮ፣ ሌላው ከጎድን አጥንት ተነስቶ ቆጥሮ ቢሆን ሁለቱም ተጠንቅቀው ሳለ ቁጥራቸው በአንድ ሊለያይ ይችላል። ራጁ ደግሞ የወገብ ብቻ ከሆነ የላይኞቹ ጎድኖች አይታዩም፣ ስለዚህ ለመቁጠር መነሻ ያጥራል።

የሚታመነው ከላይ መቁጠር ነው። ኤምአርአይ ሲነሳ መጀመሪያ ላይ አንገትን ጨምሮ ረጅም ምስል ይነሳል፣ ወይም መነሳት አለበት። ሁለተኛው የአንገት አከርካሪ ወደ ላይ የወጣ ጥርስ የመሰለ ጫፍ ስላለው ከሌላ ጋር አይምታታም። ከእሱ ጀምሮ ወደ ታች አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ለናሙናው ብቻ ከሆነ እንደፈራሽው አይደለም። የተበላው አጥንት ሲቲው ላይ ራሱ ፊት ለፊት ስለሚታይ መርፌው የሚሄደው ወደ እሱ ነው፣ ወደ ቁጥር አይደለም። ግን ነገ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለን የራጅ ማሽን ብቻ ከሆነ፣ የተሳሳተ ቁጥር ወደ ጤነኛ አጥንት ይመራል። ስለዚህ አሁኑኑ አንድ ቁጥር ላይ ይስማሙ። ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ሲዲውን ውሰጂ። የታተመው ፊልም ላይ ያሉት ተመርጠው የወጡ ምስሎች ናቸው፤ ረጅሙ ምስል አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሲዲው ላይ ነው። «ሁለቱ ሪፖርቶች ስለማይገጥሙ ከአንገት ጀምሮ ይቆጠርልን» በይ። ማንም አይቆጣሽም፣ የሚቆጣ ካለም ጥያቄው ልክ ነው።

አስናቀች፦
እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ከወገቤ ናሙና ተወስዶልኛል። ሐቁን ልንገርሽ፤ መርፌው አይደለም የሚከብደው፣ በሆድ ተኝቶ ሳይንቀሳቀሱ መቆየቱ ነው። ማደንዘዣው ሲገባ ያቃጥላል። ከዚያ በኋላ መጫን ይሰማል እንጂ ስለት አይሰማም። አጥንቱ ጋ ሲደርስ ግን የሆነ ድብን ያለ ህመም አለ፣ ቶሎ ያልፋል። «አሁን ትንፋሽ ያዢ» ሲሉኝ እየያዝኩ፣ «ልቀቂ» ሲሉኝ እየለቀቅኩ አለቀ። ለአባባ ይህንን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ትንፋሽ አያያዙን ቤት ይለማመዱት፣ ጠቅሞኛል። አይዞሽ።

ኑሮ በዘዴ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ምልክት ካለ ቲቢ ነው። ለምን መድኃኒቱን ዝም ብለው አይጀምሩላቸውም? ሰውየውን ማንገላታት ለምን?

ጨረር ክፍል፦
@ኑሮ በዘዴ፣ ናሙና መውሰድ በማይቻልበት ቦታ እንደዚያ ይደረጋል፣ አውቃለሁ። ከተቻለ ግን መወሰድ አለበት። ብሩሴሎሲስ፣ ማለትም ካልፈላ ወተትና ከከብት የሚይዘው በሽታ፣ አከርካሪን በተመሳሳይ መንገድ ይጎዳል፣ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው። ተራ ባክቴሪያም አለ። በ63 ዓመት ሰው ላይ ደግሞ ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ካንሰርን ወይም ማየሎማን፣ ማለትም የመቅኒ ካንሰርን፣ ሳያዩ ማለፍ አይቻልም። ቲቢ ቢሆን እንኳ መድኃኒት የተላመደ ዓይነት መሆን አለመሆኑ መታወቅ አለበት፤ የአከርካሪ ቲቢ ሕክምና ከሳንባው ይረዝማል፣ ብዙ ጊዜ እስከ 12 ወር ይሄዳል። ያን ያህል ጊዜ በግምት የተሳሳተ መድኃኒት መዋጥ ነው መንገላታት ማለት።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ላንሳ፣ እጅግ ስለሚያሳዝነኝ። ናሙናው ሲወጣ ለሁለት መከፈል አለበት። ለፓቶሎጂ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ ለሚታየው ምርመራ፣ የሚሄደው ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ጀርምን ዘረመል ፈልጎ የሚያገኝ ምርመራ) እና ለካልቸር (ጀርሙን አብቅሎ የሚያይ ምርመራ) የሚሄደው ግን ፎርማሊን ሊነካው አይገባም፣ ንጹሕ በሆነ ዕቃ፣ ቢደርቅ በትንሽ ሳላይን ነው የሚሄደው። ፎርማሊን ጀርሙን ስለሚገድለው ካልቸር ላይ ምንም አይበቅልም። ያ ሁሉ ልኬት፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ የወጣ ናሙና በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ሲመጣ አይቻለሁ። የደሴዋ፣ ከመጀመሩ በፊት «ሁለት ዕቃ ተዘጋጅቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ቤተሰብ ነው ብዙ ጊዜ ወደ ላቦራቶሪ ይዞ የሚሮጠው፣ ስለዚህ የትኛው ዕቃ ወዴት እንደሚሄድ ላዩ ላይ ተጽፎ ይሰጥሽ።

ሰመመን ሰጪ፦
ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ልል ነው፣ ግን ነገሩ አንድ ነው። እኛ አኔስቴዥያ ላይ ያለን ሰዎች በየቀኑ ጀርባ ላይ መርፌ እናስገባለን፣ ለምጥና ለኦፕራሲዮን፣ አብዛኛውን ጊዜ በዳሰሳ ብቻ። የዳሌውን የላይኛ ጫፍ በሁለት እጅ ይዘን በመሀል የሚያገናኘውን መስመር እንደ አራተኛው የወገብ አጥንት እንቆጥራለን። በፈረንጆቹ 2000 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ልምድ ያላቸው ሰመመን ሰጪዎች በዳሰሳ የገመቱትን ቦታ በኤምአርአይ ሲያረጋግጥ ልክ የነበሩት 29 በመቶ ብቻ ናቸው። ስህተቱ በአብዛኛው ወደ ላይ ነበር፤ ዝቅ ያለ ነው ብለው ያሰቡት ቦታ ከፍ ብሎ ነበር የተገኘው። ህብለ ሰረሰር አዋቂ ሰው ላይ የሚያልቀው አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ስለሆነ ወደ ላይ መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም።

ወፍራም እናት ስትመጣ፣ ወይም ጀርባዋ የጎበጠ፣ ጣት ምንም አይነግርሽም። እንግዲህ በብዙ ሆስፒታሎች ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አልትራሳውንድ አለ። ፅንስ የሚታይበት ያው ጎባጣ ፕሮብ (ሰውነት ላይ የሚደረገው የማሽኑ ክፍል) ለጀርባም ይሠራል። ከታች ሳክረም በሚባለው፣ ከወገብ በታች ባለው አጥንት ላይ ይጀመራል፤ እሱ አንድ ወጥ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ከመሀል ትንሽ ወደ ጎን ብሎ ወደ ላይ ሲሄዱ መስመሩ ይቋረጥና የአከርካሪዎቹ የኋላ አጥንቶች እንደ መጋዝ ጥርስ ይደረደራሉ፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት መርፌ የሚያልፍበት ነው። ከዚያ ፕሮቡ አግድም ይዞርና መሀሉ ይፈለጋል፣ ጥልቀቱ ይለካል፣ ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረጋል። ጄሉ በደንብ ተጠርጎ፣ ጀርባው በንጽሕና ተዘጋጅቶ መርፌው በምልክቱ ይገባል። ምልክት ከተደረገ በኋላ እናቲቱ አቀማመጧን ከቀየረች ግን ምልክቱ አይታመንም፣ እንደገና ይታይ። እዚህ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ጠብቃችሁ ቀጭን ሰው ላይ ተለማመዱ። ከባዱ ታካሚ ሲመጣ ለመጀመር አትሞክሩ።

ሹፌሩ፦
እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። አንገቴ ላይ ዲስክ አለብህ ተብዬ ክንዴን ይደነዝዘኛል። ስቴሮይድ አንገትህ ላይ እንወጋሃለን አሉኝ፣ ኤምአርአይ ግን አልተነሳሁም፣ ኢንሹራንሱ እያጓተተው ነው። «በራጅ እያየን ነው የምንወጋው፣ ችግር የለም» አሉኝ። እውነት ችግር የለውም?

ቨርጂንያ ነኝ፦
ሹፌሩ ወንድሜ፣ እኔ እዚሁ የራጅ ቴክኖሎጂስት ነኝ፣ ሲ-አርም (መርፌ ሲገባ በቀጥታ የሚያሳይ የራጅ ማሽን) ይዤ እንዲህ ያሉ መርፌዎች ላይ እሠራለሁ። ቆይ፣ አትቸኩል። ኤፍዲኤ፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ በፈረንጆቹ 2014 በአከርካሪ አካባቢ የሚወጋ ስቴሮይድ አልፎ አልፎ ስትሮክ፣ ዓይነ ስውርነት፣ ሽባነትና ሞት ሊያስከትል እንደሚችል አስጠንቅቋል። በ2015 ደግሞ የሕክምና ማኅበራት ተሰብስበው ባወጡት ምክር ላይ ስለ አንገት የተቀመጠ ነገር አለ፦ ከኋላ በአጥንቶቹ መካከል የሚገባ የአንገት መርፌ ከሆነ፣ በዚያ ቦታ ላይ ለመርፌው የሚበቃ ክፍተት መኖሩን የሚያሳይ ምስል አስቀድሞ ሳይታይ መሠራት የለበትም። የሚመረጠውም ቦታ የአንገቱ መጨረሻና የደረቱ መጀመሪያ የሚገናኙበት ነው፣ ምክንያቱም ከላይ ክፍተቱ በጣም ጠባብ ነው። ዲስኩ ወደ ኋላ ገፍቶ ያንን ክፍተት ዘግቶት ከሆነ በራጅ አይታይም። ራጅ አጥንትና መርፌ ያሳይሃል፣ ህብለ ሰረሰር አያሳይህም። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ቀድሞ ኤምአርአይ፣ በዕለቱ ሲ-አርም።

በዕለቱም መድኃኒቱ ከመግባቱ በፊት ትንሽ የቀለም መድኃኒት ተወግቶ የት እንደሚፈስ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ቀለሙ ወዲያው ታጥቦ ከጠፋ መርፌው ደም ሥር ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ይወጣል። ለቀለም ወይም ለአዮዲን አለርጂ ካለህ ተናገር። ዶክተሩን «ኤምአርአዬን ሳያዩ አልወጋም» ብትለው መብትህ ነው። ክንድህ እየሰነፈ ከመጣ ግን፣ ዕቃ ከእጅህ ማምለጥ ከጀመረ ወይም አካሄድህ ከተበላሸ፣ ኢንሹራንስ አትጠብቅ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ሹፌሩ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት ደውዬ ቀጠሮውን አስተላልፋለሁ።

አጥንት ሐኪም፦
የደሴዋ፣ አባትሽ ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ? ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል፣ አስፕሪን? እሱን ሳልጠይቅሽ። ዋርፋሪን ብዙ ጊዜ ከ5 ቀን በፊት ይቋረጥና ደሙ ይመረመራል፣ ክሎፒዶግሬልም ከቀናት በፊት ይቆማል። ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ልብ ውስጥ የገባ ነገር ካላቸው ማቆሙ ራሱ አደጋ አለው፤ የልብ ሐኪማቸው ይወስን።

የደሴዋ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እንዲህ ጊዜ ሰጥቶ የሚመልስልኝ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። አባቴ ከአስፕሪን በቀር አይወስዱም፣ እሱንም ነግሬያቸዋለሁ፣ ምን እንደሚደረግ ይነግሩኛል።

ሲዲውን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ ከአንገት ጀምራ በጣቷ እየነካች ቆጠረች፣ እኔም ከጎኗ ቆሜ አብሬ ቆጠርኩ። ቲ11 እና ቲ12 ነው። የራጁ ምስል ላይ የላይኛው ክፍል ስላልነበረ ነው የተለያየው አለችኝ። ወረቀቱ ላይም አስተካክላ ፈረመችበት። መግሉ በቀኝ በኩል ይበዛል፣ ከትልቁ የደም ቧንቧም ይርቃል፣ ስለዚህ መርፌው በቀኝ ይገባል አለች። ስለ ሁለቱ ዕቃ ስጠይቃት «ማን ነገረሽ?» ብላ ደስ አላት፣ መዝገቡ ላይ ጻፈችው። አባቴ የአስናቀችን ጽሑፍ ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙና «እንግዲያ ይሁን» አሉ። አሁን ከምሳ በኋላ በሆዳቸው ተኝተው ትንፋሽ ይለማመዳሉ።

ከተሠራ በኋላ ምን ላስተውል?

ጨረር ክፍል፦
በጣም ጥሩ። ከጨረሱ በኋላ እዚያው ተኝተው ለጥቂት ሰዓታት ይጠበቃሉ፣ ሳንባው አለመነካቱም በምስል ይታያል። ቤት ከሄዱ በኋላ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው፣ እግራቸው ከሰነፈ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካላቸው፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዘሻቸው ሂጂ። መርፌው የገባበት ቦታ ለአንድ ሁለት ቀን ቢያማቸው ግን አትደንግጪ። ጂን ኤክስፐርቱ ቶሎ ይደርሳል። ካልቸሩ ሳምንታት ይፈጃል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ውጤት ላይ ምንም አልተገኘም ቢሉሽ ፋይሉን እንዳይዘጉት፣ ካልቸሩንና ፓቶሎጂውን ተከታተዪ። ውጤቱን እዚሁ ጻፊልን።